ማንም ያልቀመሰው አጃ

ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተያይዘው ገቡ። ቡሬ ከጠዋት ጀምሮ ድስት የማይጣድባት ከተማ መሰለች። ግማሹ ሰው ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ሰዓቱን ያያል፣ ግማሹ ጀንበሯን ያያል፤ ሁለቱ ወገን ገበያ ላይ ሲገናኝ ታዲያ በትንሽ በትልቁ ይነታረካል። ጾም ሰውን ያለዝባል የሚል ካለ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ የቡሬን በርበሬ ነጋዴ ዋጋ ይጠይቅና ይየው።

ራጂያ ግን እውነትም የምትለዝብ ሴት ናት። ሃምሳ ዓመቷን ይዛለች፤ ገበያው ዳር ባለችው ሱቅ ከባሏ ከያህያ ጋር ቅመም፣ ሱፍ፣ ኑግ፣ ተልባና አጃ ትሸጣለች። በረመዳን ድምፅዋ ዝቅ ይላል፣ ሚዛኗ ደግሞ ወደ ገዢው ያደላል። ያህያ ይህን ሲያይ ጥርሱን ይነክሳል እንጂ አይናገራትም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ያምሮት ወደ ሱቁ ገባች። ያምሮት የጎረቤቷ የወይዘሮ ንግሥቴ ልጅ ናት፤ ፍኖተ ሰላም ታስተምራለች፤ እናቷ ስለታመሙባት ፈቃድ ጠይቃ ከመጣች ሳምንቷ ነው። ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው።

«እትዬ ራጂያ፣ ግማሽ ኪሎ አጃ ይስጡኝ።»

«የትናንቱስ?»

«ደፋሁት።»

«አጃ ይደፋል? ምነው ልጄ!»

«ምን ላድርገው! እማዬ አልበላም አለች።» ያምሮት ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። «አራት ቀኗ ነው ከውሃ በቀር ምንም አልገባላትም። ታይፎይዱስ በመድኃኒቱ ለቀቃት። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ወተት ትጠጣ አለች፤ እምቢ። አባ ኪዳነ ማርያም ራሳቸው መጥተው ‹ለታመመ ይፈቀዳል፣ እኔ ፈትቼሻለሁ› አሏት፤ እምቢ። ‹ልጅ ሆኜ ያልሻርሁትን ጾም በሰባ ዓመቴ ልሽረው?› ትላለች። አጃ ሠርቼ ሳቀርብላት አንዴ ትቀምስና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እትዬ፣ እንዲህ እንዳለች ብትሄድብኝስ?» አለችና አለቀሰች።

ራጂያ ባንኮኒውን ዞራ መጥታ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገችላት።

«አይዞሽ። አጃውን በምንድን ነው የምትሠሪላቸው?»

«በውሃ ነዋ! በምን ልሥራው ታዲያ?»

«በውሃ ብቻ?»

«በውሃና በጨው።»

«ውይ! እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር» አለች ራጂያ። «ውሃማ ልብስ ይጠብበት። አፉ ለመረረ ሰው እንዲያ ያለ ነገር ይሰጣል? የሱፍ ወተት ምን ሆነና ነው?»

«አልችልበትማ። ፍኖተ ሰላም የአኩሪ አተሩን በፓኮ እየገዛሁ ነው የምጠጣው። ሱፍ አንዴ ሞክሬ ገለባው ጉሮሮዬን ቧጥጦኝ ተውሁት።»

ራጂያ ሱፉን በእፍኟ ዘገነች። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ተነስታ ሄዳ መሥራት ነው። ለሌላ ጎረቤት ቢሆን እስካሁን ሙቀጫው ጋ ደርሳለች። ለወይዘሮ ንግሥቴ ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ ከራጂያ እጅ እህል አይገባላቸውም።

የሆነው ይህ ነው። ያኔም ጾሙ ተገናኝቶ ነበር። ራጂያ ለማፍጠሪያ የአጃ ሾርባ በአጥንት መረቅ ትሠራለች፤ ለወይዘሮ ንግሥቴ ደግሞ እንደ ዓመቱ ሁሉ በሌላ ድስት በዘይት የጾሙን ሠርታ ላከች። በሦስተኛው ቀን ዕቃ ስታጥብ ትዝ አላት። ጭልፋው አንድ ነበር። መረቁን ያማሰለችበትን ሳታጥብ ወደ ጾሙ ድስት ነክራዋለች። መረቁ ደግሞ ያህያ በቢስሚላህ ካረደው በግ ነው፤ ለአንዲት የቡሬ ማርያም አስቀዳሽ ከጾሙ መሻር እሱ ይብሳል። ሌላ ሴት ብትሆን አፏን ይዛ ዝም ትላለች፤ ማን ያውቅባታል? ራጂያ ግን እጇን እንኳን ሳታደርቅ ሄዳ ነገረቻቸው።

ወይዘሮ ንግሥቴ ብዙ አልተናገሩም። ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው ስግደቱን ተቀበሉ፤ በዚያ ጉልበታቸው ስንት ቀን ሰገዱ። ከዚያ በኋላ ራጂያን በራቸው ላይ አቁመው «አልተቀየምሁሽም። ሳታውቂ ነው። ግን ከእንግዲህ ከቤትሽ ምግብ አትላኪልኝ» አሏት። ይኸው ነው። ሰላምታው አልቀረም፣ ለቅሶም አልቀረም፣ ሠርግም አልቀረም። የቀረው ሳህኑ ብቻ ነው።

ሳህን ብቻ! ለራጂያ ግን ሳህኑ ብዙ ነገር ነበር። ከዱርቤቴ በሃያ ዓመቷ ተድራ ስትመጣ ቡሬ ውስጥ የምታውቀው ሰው አልነበረም። ልጇን ናጂሃን ስትወልድ እናቷ ሳይደርሱላት ወገቧን የያዟት፣ ኋላም በማንኪያ አጥሚት ያጎረሷት እኚሁ ሴት ናቸው። የሱፍን አወቃቀጥም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እታለም ብላ ነው የምትጠራቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአጥሩ ወዲህ ሆና ሲያስሉ ትሰማለች፤ አንድ ትኩስ ነገር ይዛ መግባት ግን አትችልም። ይህ እንዴት አያቃጥልም!

«ያህያ» ብላ ወደ ጓዳ ተጣራች። «ሱቁን አደራ።»

ያህያ የተነገረውን ሁሉ ሰምቶ ኖሮ ቆቡን እያስተካከለ ወጣ። «ወዴት?»

«እታለም ዘንድ።»

«ራጂያ፣ ደግሞ ሄደሽ ልብሽን እንዳይሰብሩት።»

«የተሰበረውስ መቼ ተጠገነና?» አለችና አንድ ኪሎ ሱፍ ካልተፈታ ጆንያ ቀዳች።

ከቤቷ ምንም አልያዘችም፤ ድስት የለ፣ ማንኪያ የለ፣ ወንፊት የለ። ሱፉና አጃው ከሱቅ በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ንግሥቴ ማድ ቤት ገባ። እጇን በሳሙና እስከ ክንዷ ታጠበች፤ ሐኪም እንኳን እንዲያ አይታጠብም። ያምሮት በሩ ላይ ቆማ አየቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ ራጂያ፣ እኔ ሠራሁት እላታለሁ። እርስዎ እንደነበሩ አታውቅም።»

ራጂያ ፎጣውን አስቀመጠች። እውነት ለመናገር ሐሳቡ ልቧን ደስ አሰኝቷት ነበር። እታለም ይበላሉ፣ ይድናሉ፣ ማንም አይጎዳም። ግን አልሆነላትም።

«አይሆንም ልጄ። አንዴ ሳላውቅ አበላኋቸው። አውቄ ሸፍኜማ አላበላቸውም።»

«ካወቀች አትበላማ!»

«ካልበሉ አንቺ አይተሽ ትማሪያለሽ፣ ነገ አንቺው ትሠሪላቸዋለሽ። እኔም እጄ እንደማይገባላቸው ቁርጤን አውቄ ሁለተኛ አልመጣም።» ይህን ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። «በይ አሁን ሙቀጫውን አምጪልኝ።»

ሱፉን ለቅማ፣ አጥባ፣ በፈላ ውሃ ጥቂት አንፈቅፍቃ አወጣችው። ከዚያ ሙቀጫ ውስጥ ጨምራ መውቀጥ ጀመረች። ያምሮት ልውቀጥ ብትል አልሰጠቻትም። በየመሃሉ ለብ ያለ ውሃ ጠብ እያደረገች ስትወቅጠው ፍሬው ፈርጦ ነጭ ነገር ያወጣ ጀመር። ይህን በውሃ በጥብጣ በንጹሕ ሻሽ አጠለለችው፤ ገለባው ላይ እንደገና ውሃ ጨምራ እንደገና ጨመቀችው።

«ጉሮሮሽን የቧጠጠሽ ይኸውልሽ» አለች ገለባውን ለያምሮት እያሳየች። «አንድ ጊዜ አጥልለሽ ተውሽዋ። ሦስት ጊዜ ነው የሚጠለለው። እናትሽ ሲያስተምሩኝ ሁለቴ አድርጌ ብሰጣቸው ‹ይሄን ለዶሮ ስጭው› ነበር ያሉኝ።»

ያምሮት በሳምንቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋን ሰምተው ይሁን ሙቀጫውን፣ ወይዘሮ ንግሥቴ ከውስጥ ክፍል አንዴ አሳሉ። ሁለቱም ጆሯቸውን ጣሉ። ምንም አልተከተለም።

የሱፉ ወተት ድስት ሙሉ ሆነ። ራጂያ አጃውን ያለ ዘይት አመስ አድርጋ ወተቱ ላይ ነሰነሰችው፤ እሳቱንም ዝቅ አደረገችው። ሱፍ እንደ ውሃ ዝም ብለው የሚተዉት ነገር አይደለም፤ ካላማሰሉት ይቋጠራል፣ ከገነፈለ ደግሞ ምድጃውን ያጥባል። አማሰለች፣ አማሰለች። አጃው እየጠጣ ወፈረ፤ ሽታው ማድ ቤቱን ሞላው። ጨው ጣል አደረገችበት፣ ዝንጅብልም ትንሽ። የዙሁር ሰላት ደርሶ ስለነበር ማማሰያውን ለያምሮት አስይዛ ለመስገድ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ስትመለስ አጃው ደርሶ ነበር። ጎንበስ ብላ አየችው። መልኩ ያማረ፣ ማንኪያ ላይ የሚንጠለጠል።

«በይ ቅመሺልኝ» አለቻት ያምሮትን።

«እኔ? ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ?»

«አትጾሚም ብዬ! የከተማ ልጅ አይደለሽ?»

«ምነው እትዬ! ይልቅ እርስዎ በምላስዎ ጫፍ ነክተው መትፋት ይፈቀዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«የሚሉ አሉ። እኔ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አላደረግሁትም፤ ዛሬ አልጀምርም።»

ተያዩ። በዚያ ግቢ ከድመቷ በቀር የማይጾም ነፍስ አልነበረም፣ ድመት ደግሞ የጨው ነገር አይጠየቅም። ራጂያ ወደ ድስቱ ተጠግታ በአፍንጫዋ ሳበችው፤ ያምሮትም ሳበችው። ልክ ሳይሆን አይቀርም ተባባሉ። ሌላ ምን ይደረጋል!

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ራጂያ በወይዘሮ ንግሥቴ ሳህን ቀድታ፣ በወይዘሮ ንግሥቴ ትሪ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። ወይዘሮ ንግሥቴ ትራሱን ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። ፊታቸው ያለቀ፣ ዓይናቸው ግን የነቃ። ራጂያ ደፉን ሳታልፍ ቆመች።

«እንደምን ዋሉ እታለም?»

«ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ይዘሽ ነው?»

«አጃ ነው። በሱፍ ወተት ነው የሠራሁት፤ እኔው ራሴ። ድስቱ የእርስዎ ነው፣ ጭልፋው የእርስዎ ነው፣ ሙቀጫውም፣ ሻሹም። ሱፉ ካልተፈታ ጆንያ ነው የወጣ። ከቤቴ ምንም አላመጣሁም፣ ከእጄ በቀር። እጄንም ታጥቤያለሁ። አልበላም ካሉ አልቀየምም፤ ያምሮት አይታለች፣ ነገ እሷ ትሠራልዎታለች።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነው ያወረደችው።

ወይዘሮ ንግሥቴ አንዴ ሳህኑን፣ አንዴ እሷን አዩ። ራጂያ ትሪውን ይዛ ለመመለስ አንድ እግሯን ወደ ኋላ አድርጋ ነበር።

«ቀምሰሽዋል?» አሏት።

«ረመዳን ነው እኮ እታለም።»

«ያቺስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ብላ ጉድ ሠራችኝ።»

የወይዘሮ ንግሥቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «ማንም ያልቀመሰውን ነዋ ለእኔ ለሕመምተኛዋ ይዘሽ የመጣሽ!» አሉ። ቀጥለውም «ነይ እንጂ፣ ምን ቆመሽ ታስቀዘቅዥዋለሽ» አሏት።

ራጂያ እንዴት እንደገባች አታውቅም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ ንግሥቴ አማትበው፣ ጸሎታቸውን ደግመው አፋቸውን ከፈቱ። ራጂያ የመጀመሪያውን ማንኪያ አጎረሰቻቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ዋጡት። ራጂያ እስትንፋሷን ያዘች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አላዞሩም።

«ጨምሪ» አሉ።

ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አሥረኛውን። ከዓይናቸው እንባ ዱብ ዱብ ሲል ራጂያም ማልቀስ ጀመረች። «አይዞዎት እታለም፣ አይዞዎት» እያለች እያለቀሰች አጎረሰቻቸው። ሳህኑ ባዶ ሆነ።

«አለ?»

«ኧረ በሽ ነው!»

«እንግዲያው ትንሽ ድገሚኝ። ውሃም አምጭልኝ፣ በትልቁ ጣሳ።»

ራጂያ ሳህኑን ይዛ ወደ ማድ ቤት ወጣች። ልብ ብላችሁ እዩልኝ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት እየዘለለች ነው። ያምሮት እናቷ መብላታቸውን በበሩ ስንጥቅ አይታ፣ እሷም ጾሟን ልትፈታ ከድስቱ አንድ ማንኪያ ወደ አፏ ከትታ ነበር። ራጂያ ስትደርስ ልጅቱ አፏን በእጇ ይዛ ዓይኗ ፈጥጧል።

«ምነው? አቃጠለሽ?»

ያምሮት እንደምንም ዋጠችውና «እትዬ፣ ጨው!» አለች። «እርስዎ ጨው ጨምረው ነበር እንዴ?»

«አዎን፣ ልሰግድ ከመሄዴ በፊት።»

«እኔም ጨመርሁበት! የጨው ዕቃው ተከፍቶ ሳየው ረስተውት የሄዱ መስሎኝ። እንዲያውም ቆንጠር ብቻ አይደለም…»

ራጂያ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «ውይ! ውይ የኔ ነገር! ያን ሁሉ አበላኋቸው!» ያ ሁሉ እንባ አሁን ገባት። ሳህኑን ጥላ፣ ውሃውን በጣሳ ሞልታ ወደ ውስጥ በረረች። አልጋው ሥር በጉልበቷ ወደቀች።

«እታለም፣ አፈር ልብላ! ጨው ሁለት ጊዜ ገብቶበታል። ምነው ሳይነግሩኝ? ምነው አንድ ቃል እንኳን?»

ወይዘሮ ንግሥቴ ጣሳውን ተቀብለው እስኪበቃቸው ጠጡ። አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

«ልነግርሽ ነበር» አሉ። «በመጀመሪያው ጉርሻ ልነግርሽ ነበር። አንቺ ግን እንዲያ እስትንፋስሽን ይዘሽ ታይኛለሽ። ያኔ ስለ ጭልፋው እውነቱን መጥተሽ ብትነግሪኝ ከቤቴ መለስሁሽ። ማንም ሳያስገድድሽ ነበር የነገርሽኝ። ሦስት ዓመት ስተኛ ስነሳ አስበዋለሁ። ስግደቱን ለእግዜር ሰገድሁ፣ አንቺን ያህል ሰው በበር ማቆሜን ግን ለማን ልናዘዘው? ዛሬስ ደግሞ ጨው በዛ ብዬ ልመልስሽ? በልቼ ብሞት ይሻለኛል።»

ራጂያ ግንባሯን ብርድ ልብሳቸው ላይ ደፋች። ወይዘሮ ንግሥቴ በቀጭን እጃቸው ጭንቅላቷን ደባበሱ፤ ሻሿ ሲንሸራተት መልሰው አስተካከሉላት።

«ደግሞ ሱፉ ጥሩ ተጠልሏል» አሉ። «በውሃ የተሠራውን አንድ ማንኪያ ያልቻልሁ ይህን ከነጨው ሳህን ሙሉ መጨረሴ በምን ይመስልሻል?»

ያምሮት በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስም ስትስቅም ነበር። «የቀረውን ልድፋው እማዬ?» አለች።

«ምን ልማድ ነው ይሄ መድፋት!» ተቆጡ እናቷ። ወደ ራጂያ ዞሩ። «ያፈጠርሽ ጊዜ በውሃ አቅጥነሽ ትበይዋለሽ። በይ ከነድስቱ ይዘሽው ሂጂ።»

ራጂያ ቀና አለች። «ከነድስቱ? እታለም፣ ይህ እኮ የጾም ድስትዎ ነው። ወደ እኔ ቤት ነው የሚገባ።»

«አውቃለሁ የት እንደሚገባ።»

«እዚያ ምን እንደሚነካው ማን ያውቃል…»

«አንቺ ዘንድ ሆኖ ምን ይነካዋል? አጥበሽ ነገ ሠርተሽበት ታመጭልኛለሽ፣ ከቤትሽ። እዚህ መጥተሽ የልጄን ጨው ስትጠብቂ አትዋይ።»

የዚያን ቀን ጀንበር ስትጠልቅ ራጂያ ቴምሯን ቀመሰች፣ ውሃ ጠጣች፣ መግሪብ ሰገደች። ድስቱን ማዕዱ መሃል አድርጋ ክዳኑን ከፈተች። ያህያ ማንኪያውን ነከረና ቀመሰ፤ ወዲያውኑ ውሃ ፈለገ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህ ጨው ነው እኮ! ማን ነው ይህን የሚበላ?»

«እታለም ሳህን ሙሉ በሉት» አለች ራጂያ። ማንኪያውን ከእጁ ወስዳ ውሃ ሳትጨምርበት መብላት ጀመረች።